በውሰት የመጣው አጥቂ

ዓርብ ጠዋት፣ ሬጃይና ከተማ ባረፍንበት ሆቴል ቁርስ እየበላን፣ ጋስፓር ቦርዱዋ ብድግ አለና ማንኪያውን ከብርጭቆው ጋር ሁለቴ አጋጨ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። አልበርታ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ውሉን አሁን ፈርሜ ልኬላቸው መምጣቴ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ፤ ከእናንተ ጋር ወደ ቤት አልመለስም።»

ቡድኑ በሙሉ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። «እንኳን ደስ አለህ!» አልኩት፤ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ጮክ ብዬ። ቀና ብሎ አየኝ። አየኝ ስላችሁ ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ ከእኔ አንድ ነገር ሲጠብቅ ኖሮ ተስፋውን የሚቆርጥ ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ፓንኬኩ ላይ ሽሮፑን ዝም ብሎ አፈሰሰ፣ አፈሰሰና አንድም ሳይቀምስ ተነስቶ ወጣ። እኔም ሽንት ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት ሴት፣ ያውም የቡድን አምበል! ምን ነካኝ?

ምን እንደነካኝ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እኔ ሶላንዥ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ያለችው የሳን-ፍሎራን መንደር ልጅ ነኝ። አባቴ ኦሬል ሠላሳ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉት። እናቴ ከሞተች ወዲህ የምናልባቸው እኔና እሱ ነን። ከላሞቹ ሌላ የመንደራችንን የመጥረጊያ ኳስ ቡድን ያሠለጥናል፤ ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደሚወድ ላሞቹ ባይሰሙ ይሻላል። ቡድናችን ቅልቅል ነው። ወንዱም ሴቱም ኳሷን የሚመታበትን መጥረጊያ መሳይ ዱላ ይዞ በጫማ በረዶው ላይ ይሮጣል፣ እኩል ይጋፋል፣ እኩል ይወድቃል።

ከወንዙ ማዶ ቡርዦሊ የሚባል መንደር አለ። ከቡርዦሊዎች ጋር ለሠርግ እንኳን አንጠራራም። አባቴ በወጣትነቱ ያገባትን ጎል አንድ የቡርዦሊ ዳኛ ሽሮበታል። ነገሩ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ አባቴ ሲያወራው ግን ደም ሥሩ ይገታተራል። ጋስፓር እንግዲህ የቡርዦሊ ልጅ ነው። ያ ብቻ ቢሆን ደህና፤ የትልቁ የትራክተር መደብር ባለቤት ልጅ ነው። የእነሱ ቤት በረንዳው ወንዙን ቁልቁል ያያል። እኛ ቤት የላም ሽታ ከመጋረጃው ታጥቦም አይለቅም።

የካቲት ላይ በኦንታሪዮ ዋንጫ ፍጻሜ ቡርዦሊን ቀጥቅጠን ሬጃይና ለሚካሄደው አገር አቀፍ ሻምፒዮና አለፍን። ደንቡ ያለፈው ቡድን ከተሸነፉት ውስጥ ተጫዋች በውሰት እንዲወስድ ይፈቅዳል። የእኛ አጥቂ ደግሞ በዚያው ጨዋታ እግሩ ተሰበረ። አባቴ ሦስት ቀን አሰበ፣ ሦስት ቀን ተነጫነጨ፣ በአራተኛው ስልኩን አነሳ።

ጋስፓር መጀመሪያ ለልምምድ ሲመጣ «ስማ» አለው አባቴ፤ «ማሊያችንን ትለብሳለህ። ከዚያ ያለፈ ነገር ከእኛ ጋር የለህም።» በስሙ ጠርቶትም አያውቅም። «ውሰቱ» ነበር የሚለው። «ውሰቱ፣ በግራ ግባ እንጂ! ውሰቱ፣ ምን ያንቀላፋሃል?»

«እሺ አሰልጣኝ» ይላል ጋስፓር። አይቆጣም፣ አያኮርፍም። መጀመሪያ ያናደደኝ ይሄ ነበር። እንዴት ሰው ይሄን ሁሉ ችሎ ዝም ይላል እያልኩ ስመለከተው፣ ስመለከተው፣ አንድ ቀን ላም እያለብኩ ስለ እሱ ሳስብ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። ያን ጊዜ አለቀልኝ።

ወደ ሬጃይና ልንነሳ ዐሥር ቀን ሲቀረን አንዷ ላም ጣቴን ረገጠችኝና አበጠ። ልምምድ ላይ፣ እንዳያንሸራትተኝ የመጥረጊያዬ እጀታ ላይ ናስትሮ ልጠቀልል ብታገል አልሆን አለኝ።

«አምጪው» አለኝ ጋስፓር።

«የእኔን መጥረጊያ ማንም አይነካም።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

ምን ልበለው? ሰጠሁት። ጥግ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ለአንድ እጀታ የማይፈጀውን ጊዜ ፈጀ። ሲመልስልኝ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ሬጃይና ስንደርስ፣ ስትቀይሪው አስቢኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ! ናስትሮ እኮ ነው፣ ቀለበት አይደለም» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። እኔ ሞኟ ግን ሲያመኝ ሰንብቼ የዳንኩ ያህል ቀለል ብሎኝ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን፤ ስድስት ለባዶ አሸነፍን። እዚህ ላይ የሳን-ፍሎራንን ደንብ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ያሸነፈ ናስትሮ አይላጥም። ለሚቀጥለው ጨዋታ አዲሱ በላዩ ይደረባል፣ እስክንሸነፍ ድረስ እንደዚያው ይቀጥላል። አያቶቻችንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ማክሰኞ ሻምፒዮናው ሲጀመር እኔም አንድ ዙር ደረብኩበት። ጋስፓር አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። እጀታውን አየ። ቀጥሎ ፊቴን አየ። 

«አዲስ ጠቀለልሽበት?»

«አዎ። ለድል ነው።»

«ሌላ... የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

አሰብኩ። ምን ልንገረው? እወድሃለሁ ልበለው፣ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ? «አለ» አልኩት። «ኳስ ስንነጠቅ ቶሎ ተመለስ። ትዘገያለህ።»

አንገቱን ደፋ። «ገባኝ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኑን ነፈገኝ። ረቡዕ አሸነፍን፣ እኔም ደረብኩ። ሐሙስ አሸነፍን፣ ደረብኩ። እሱ ጎል ያገባል፣ ሁሉንም ያቅፋል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ትከሻዬን በሄልሜቱ ነካ አድርጎኝ ያልፋል። ምን በደልኩት እያልኩ ስብሰለሰል ዓርብ ደረሰና ያንን የቁርስ ዜና ሰማሁ። አይ ጋስፓር!

ዓርብም ቅዳሜ ጠዋትም አሸንፈን፣ በየጊዜው ደርቤ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለፍጻሜ ቀረብን። ባላጋራችን የአስተናጋጁ የሳስካችዋን ቡድን ነው፤ ተመልካቹ በሙሉ የእነሱ። እኔ ያን ቀን ስገባ ልቤን ቆልፌ ነው የገባሁት። ሰውየው ይሄዳል፤ ይሂድ። ዋንጫው ግን አይሄድም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ገና በሦስተኛው ደቂቃ ጎል ገባብን። በዐሥራ ሁለተኛው ጋስፓር አቻ አደረገን። ከዚያ ወዲያ የነበረው መተናነቅ ነው። ኳሷን ሁለቴ በሆዴ፣ አንዴ በአገጬ መለስኩ። ለእረፍት አንድ ደቂቃ ሲቀር ቁመቱ በር የሚያህል ተከላካያቸው መጥረጊያውን በእጀታዬ ላይ አሳረፈው። ናስትሮው ተቦጨቀና ተንጠለጠለ።

ዳኛዋ ለእረፍት እንደነፋች ወደ እኔ መጣች። «አምስት ቁጥር፣ ይሄን ጅራት ካላነሳሽ ሁለተኛውን አጋማሽ አትገቢም።»

«እንዳትነኪው!» አለች በረኛችን ማርጎ። ማርጎ ፖስታ አመላላሽ ናት፤ ድምጿ ከመንገድ ማዶ ውሻ ያስደነግጣል። «ስድስት ጨዋታ ያሸነፈ ናስትሮ ነው! አሥሪው፣ ስፊው፣ በማስቲካ አጣብቂው!»

«እሷ አትገቢም ብትለኝ ይሻላል?» አልኳትና ቢላ ተቀበልኩ። እጄ ግን ፈራ። ከላይ እስከ ታች ስሰነጥቀው ሰባቱም ዙር አንድ ላይ ተፈልቅቆ ወደቀ። ከእንጨቱና ከመጀመሪያው ዙር መካከል የነበረች፣ እንደ ሪባን በቀጭኑ የታጠፈች ቢጫ ወረቀት ጉልበቴ ላይ አረፈች።

የጥጃ ክትባት ቅጽ ነበረች። ጀርባዋ ላይ በጋስፓር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ሶላንዥ፣ በአፌ ብጀምረው መሐል ላይ እንደሚጠፋብኝ ስለማውቅ ጻፍኩት። እወድሻለሁ። ቡድናችሁ ከመጣሁ ወዲህ አይደለም፤ የዛሬ ስድስት ዓመት በክርንሽ አፍንጫዬን ከሰበርሽበት ቀን ጀምሮ ነው። አልበርታ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እስከ ዓርብ ጠዋት መልስ እንድሰጥ ጠይቀውኛል። ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ፤ አባትሽ ዕድሜ ልኬን ውሰቱ ቢሉኝም እቆያለሁ። ዝም ካልሽኝ ደግሞ መልሱ ገብቶኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም። ጋስፓር።»

እስከ ዓርብ ጠዋት! ያኔ ነው አይደል እኔ እንደ እብድ ያጨበጨብኩት? ዓይኔ ጭጋግ ሞላው። ማክሰኞ «ሌላ የምትነግሪኝ የለም?» ሲለኝ የጠየቀኝ ይሄን ነው። እኔ «ትዘገያለህ» አልኩት። የዘገየሁት እኔ ነኝ። መጮህ አማረኝ።

ቀና ስል በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና የመጨረሻ ዙሩን እየዞረ ነበር። ጋስፓር ከአግዳሚው ዳር ላይ ነው፤ አባቴ ሰሌዳ ይዞ ቀስት እየሣለ ያስረዳዋል። ተነሳሁ። ይበቃል አልኩ ለራሴ፤ ዝም ማለት ይበቃል።

«ጋስፓር፣ ወዲህ ዙር እስኪ።»

ወረቀቷን እጄ ላይ ሲያያት ደሙ ከፊቱ ሸሸ። «ሶላንዥ፣ እባክሽ። ዛሬ ደግሞ ለምን ታወጪዋለሽ? መልስሽ ደርሶኛል እኮ።»

«አሁን ነው ያገኘኋት።»

«በዓይኔ አይቼሻለሁ! ማክሰኞ አዲስ ነበር። ረቡዕ አዲስ ነበር። ሐሙስም፣ ዓርብም...»

«በላዩ ደረብኩ እንጂ መቼ ላጥኩት! እያሸነፈ ናስትሮ የሚልጥ ማን አለ?»

«እኛ! እኛ ቡርዦሊ ለየጨዋታው ልጠን ነው የምንጠቀልለው!»

«ለዚህ ነዋ የምትሸነፉት!»

 ከዚያ ጋስፓር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። እጁን ሲያነሳ ሁለቱንም እያደረገ ነበር።

«ስንት ቀን ሙሉ» አለ። «ስንት ቀን ሙሉ ናቀችኝ ብዬ...»

«አፍ የለህም? ሰው እንዲህ ያለ ነገር ናስትሮ ሥር ይቀብራል?»

«አንቺስ የለሽም? ስታጨበጭቢ አይቼሽ የለ?»

«ሳጨበጭብ አይተኸኛል፤ ሳለቅስ ግን አላየኸኝም።»

 ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈርሜያለሁ እኮ ሶላንዥ። ለአንድ ዓመት ቃል ሰጥቻለሁ። በአካባቢው ሌላ ሐኪም የላቸውም፤ በእኔ ተማምነው ሌላውን አመልካች አሰናብተዋል። አሁን አልመጣም ብላቸው...»

«አትልም።»

«እ?»

«አልመጣም አትልም። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው እኔም አልፈልግም።» እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ እየወረደ ድምፄ ግን ቀጥ አለ። «ትሄዳለህ። ዓመትህን ትሠራለህ። እኔ በየቀኑ ማለዳ፣ ላም ማለብ ስጀምር እደውልልሃለሁ፤ እናንተ ጋ ገና ሌሊት ነው፣ እንቅልፍህን ትተህ ትነሳለህ። ዓመቱ ሲያልቅ ትመጣለህ። ስትመጣ ታገባኛለህ። ታገባኛለህ ወይስ አታገባኝም? በረዶው ላይ ከመውጣታችን በፊት መልሱን እፈልጋለሁ።»

ማርጎ ሄልሜቷን ጣለች።  አባቴ ሰሌዳውን እንደያዘ፣ ከእኛ ሁለት እርምጃ ርቆ እንደ ግንድ ቆሟል።

«አባትሽ እየሰሙ ነው» አለ ጋስፓር በሹክሹክታ።

«ይስማ! ከእሱ ተደብቄ የምወድህ መቼ ድረስ ነው?»

ጋስፓር ወደ አባቴ ዞሮ አየ። ወደ እኔ ተመለሰ። ዓይኔን አየኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የነፈገኝን ዓይን በአንዴ ሰጠኝ። «አገባሻለሁ» አለ። ደግሞ አላመነም መሰለኝ፣ ጮክ ብሎ ደገመው። «አገባሻለሁ! አሁኑኑ በዚህ ማሊያ ካልሽም አገባሻለሁ!» 

ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፋች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አምስት ቁጥር፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥር» አለ፤ «ኳስ ልትጫወቱ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን ልትሄዱ?» ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር እግዜር ይወቀው። ጋስፓር እጀታዬን ነጠቀኝና በጥድፊያ አዲስ ናስትሮ ጠቀለለልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተወላገደ አጠቃለል አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛውን አጋማሽ እንዴት እንደተጫወትን ልንገራችሁ? ሞተን ነው የተጫወትነው። እኔ ከኋላ ነጥቄ በግራ ለቀቅሁለት፣ እሱ በአየር ላይ እያለች መታት፤ ሁለት ለአንድ። ያ በር የሚያህለው ሰውዬ በግራ ጎኔ ገጭቶኝ ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፤ በቀኝ ጎኔ ገጨኝ፣ ወደቅሁ፣ ተነሳሁ። «ተኚ እንጂ አንቺ ሴትዮ!» አለኝ። «ቤቴ ስገባ እተኛለሁ» አልኩት። ሁለት ደቂቃ ሲቀር አቻ ሆኑ። ጭማሪ ሰዓት፤ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። አባቴ ማንን እንደሚያስገባ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። «ሶላንዥ ከኋላ» አለ። ጥቂት ቆየና «ጋስፓር ከፊት።»

ስሙን ጠራው! ጋስፓር እያየኝ እንደ ልጅ ዘለለ።

ስሜት ጎል ያገባል ብለው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። አያገባም። በስድስተኛው ደቂቃ ኳሷ ከሩቅ ተመታች፣ የእኔን ጉልበት ነክታ አቅጣጫ ቀየረችና በማርጎ እጅ ሥር ገባች። የእኔው ጉልበት! አዳራሹ ተናወጠ። እኔ በረዶው ላይ በፊቴ ተደፋሁ። ማርጎ በደረቷ እየተንፏቀቀች አጠገቤ መጣች፣ «ያንን ናስትሮ ባትልጪው ኖሮ!» ብላ ሄልሜቴን አንኳኳችብኝ፣ ከዚያ አንገቴን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ጋስፓር ሁለታችንንም ከመሬት አነሳን። ለዚያ ዋንጫ ጉልበቴን፣ ክረምቴን፣ አገጬን ሰጥቼዋለሁ፤ ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የጋስፓር እጅ ወገቤ ላይ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደበቅ።

ጓንታችንን አውልቀን ተሰልፈን አሸናፊዎቹን ጨበጥን። ሲያበቃ አባቴ እንደ ወጉ የራሱን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየጨበጠ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ግንባሬን ሳመኝ። ጋስፓር ጋ ሲደርስ ጨበጠውና እጁን አለቀቀውም። ገለበጠው። መዳፉን አየ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየ።  ይሄ ሰውዬ አሁን አንድ ክፉ ቃል ከተናገረ ዕድሜዬን በሙሉ በሁለቱ መካከል ስጎተት እኖራለሁ፤ ጋስፓርን ግን አልተውም፤ ይሄን በልቤ ቆርጬ ቆምኩ።

«እጅህ ትንሽ ነው» አለ አባቴ።

«አዎ አሰልጣኝ።»

«ጥጃ ተጣሞ ሲመጣ፣ ላሟን ሳያሠቃይ ይገባል?»

«ይገባል።»

«የእኔ ትልቅ ነው» አለ አባቴ፤ ድምፁ ሻከረ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሳሠቃያቸው ኖርኩ።» አሁንም እጁን አልለቀቀውም። ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ እናቴን ከቀበርን ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ ጋስፓር ተመለሰ።

«የዛሬ ዓመት መጋቢት ላይ፣ ስምንት ላሞች ይወልዱብኛል» አለው። «እንዳትዘገይ።»

ጋስፓር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የሁለቱንም ክንድ ያዝኩ።